የመደብ ፍራሽ ልብስ ልክ አድርጎ መስፋት

ሮብ ገበያ በምትባል የጎጃም ከተማ፣ አክስቴ ቤት ከምድጃው ትይዩ ያለው መደብ ሥራው ብዙ ነው። ጠዋት ለቡና የተጠራ ጎረቤት ይቀመጥበታል፣ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ወገባቸውን ያሳርፉበታል፣ እንግዳ ሲያድር ደግሞ መኝታ ይሆናል። ድሮ ቁርበትና አጎዛ ነበር የሚነጠፍበት። የጮቄ ተራራ ብርድ ለሚወርድበት አገር አጎዛን የሚያህል ነገር የለም፤ አሁንም ከሥሩ አለ። ከላዩ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስፖንጅ ፍራሽ ገብቷል። ስፖንጁ ላይ የሚጣለው አንሶላ ሰው በተቀመጠ ቁጥር እየተንሸራተተ ወደ ግድግዳው ይሰበሰባል። አክስቴ በቀን አሥር ጊዜ ሲጎትቱት አይቼ ባለፈው ጥር ልኩን ወስጄ ተመለስኩ። «መንቆረር ወስደሽ ልታሰፊው ነው?» አሉኝ፤ ደብረ ማርቆስን ዛሬም በድሮ ስሟ ነው የሚጠሯት። «እኔው እሰፋዋለሁ እንጂ» አልኳቸው።

ደብረ ማርቆስ ልብስ ስሰፋ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከቀሚስም ከዩኒፎርምም ይልቅ የፍራሽ ልብስ ይቀላል፤ ክንድ የለው፣ አንገት የለው፣ ሁሉም ቀጥታ መስመር ነው። ማሽን ቀጥ አድርጎ መንዳት የሚችል ሰው በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሰዋል። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ነው፦ ልኩ ላይ፣ ያልታጠበ ጨርቅ ላይ እና ማዕዘኑ ላይ። ስለዚህ እነዚህን ዘርዝሬ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ልኩ

መደቡን አትለኩ። ብዙ ሰው ስህተቱን የሚጀምረው እዚህ ነው። መደብ በእጅ የተሠራ የጭቃ ሥራ ነው፤ በየጊዜው በእበት ሲለቀለቅ ጠርዙ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሳሳል። የአክስቴ መደብ በራስጌው 76 ሳንቲ ሜትር፣ በግርጌው 81 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ልብሱን የሚለብሰው ግን ስፖንጁ ነው።

ስፖንጁንም ቢሆን አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትመኑ። በልክ ተቆርጦ የተሸጠ ስፖንጅ የቢላዋው እጅ ያረፈበት ስለሆነ ጎኑ ዘንበል ሊል ይችላል። ርዝመቱን በሁለቱ ዳርና በመሀል፣ ወርዱን በራስጌ፣ በመሀልና በግርጌ፣ ውፍረቱን በአራቱም ማዕዘን ለኩ። የአክስቴ ስፖንጅ ርዝመቱ ሁለት ቦታ 186፣ አንድ ቦታ 185 ሆነ። ወርዱ 74 ነው። ውፍረቱ በማዕዘኖቹ 12፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ግን 11 ነው፤ እዚያ ተረግጧል። የምትይዙት የማዕዘኑን ነው። ስትለኩ ሜትሩን ወደ ስፖንጁ አትጫኑት፤ ሲሰምጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሰርቃችኋል። የጨርቅ ሜትር ዕድሜ ሲጠግብ እንደሚሳብም አስታውሱ። የእኔን በየጊዜው ከብረት ሜትር ጋር አስተያየዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ከርዝመቱም ከወርዱም አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። ልብሱ ከስፖንጁ ጥቂት ማነስ አለበት። ስፖንጅ እሺ ብሎ ይጨመቃል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ልብሱን ከውስጥ ገፍቶ ይወጥረዋል። በትክክለኛው ልክ የተሰፋ ልብስ በሳምንቱ መሸብሸብ ይጀምራል። ፍራሹ በጥጥ ወይም በጭድ የተሞላ ከሆነ ግን አትቀንሱ፤ እሱ አይጨመቅላችሁም፣ ስፌቱን ነው የሚተረትረው። ውፍረቱ እንዳለ ይቆይ። ስለዚህ የአክስቴ ልብስ ተሰፍቶ ሲያልቅ ርዝመቱ 185፣ ወርዱ 73፣ ከፍታው 12 መሆን አለበት ማለት ነው። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሌላው ሁሉ ከእነሱ ይወጣል።

ጨርቁ

የሚሳብ ጨርቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሰው በተቀመጠበት ቦታ ይረግብና ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ጅንስ፣ ወፈር ያለ ካኪ፣ ጠንካራ የመጋረጃ ጨርቅ ይሆናሉ። ከፋይም ያምራል፤ ነገር ግን ጸጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ ሁሉንም ቁራጭ በአንድ አቅጣጫ ካልቆረጣችሁት አንዱ ጎን የጠቆረ፣ ሌላው የነጣ መስሎ ይታያል።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው መደቡ ያለበት ቤት ቡና በከሰል ይፈላበት እንደሆነ ነው። ያልፈላበት ቤት የት አለ! ከማንደጃው የተፈናጠረች ፍንጣሪ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ካረፈች አቅልጣ ቀዳዳ ታበጃለች፤ ጥጥ ላይ ግን ቶሎ ካራገፏት ጠባሳ ትታ ብቻ ትሄዳለች። ሱቅ ውስጥ ባለቤቱ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢላችሁም ከጨርቁ ዳር አንድ ክር ምዘዙና ውጭ ወጥታችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነካ የሚፈርስ ግራጫ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ጫፉ ላይ እንደ ዶቃ የደረቀች ጥቁር ጠብታ ይቀራል። ቅልቅሉ ሁለቱንም ያሳያችኋል። ለአክስቴ ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ካኪ መረጥኩ፤ የምድጃ ጥቀርሻም ቶሎ አያሳይም።

የታችኛው ፊት ማንም የማያየው ስለሆነ ውድ ጨርቅ አያስፈልገውም፣ ጠንካራ መሆን ግን አለበት። የለቀለቁት መደብ ጨርቁን ይፍቀዋል፣ የአጎዛው ጸጉር ይጎትታል። ቀጭን ሸራ ወይም ተራ ካኪ ይበቃል። ገንዘባችሁን ለላይኛው አድርጉት።

አሁን ስለ እጥበት። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንዲት ደንበኛ እንደ እጅ ጓንት ልክክ ያለ የፍራሽ ልብስ ሰፋሁ። ሦስት ወር ሳይሞላ ይዛው መጣች፤ አጥባው ስፖንጁ አልገባ ብሏል። ስለካው በርዝመቱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ሸሽቷል። የእኔ ጥፋት ነበር። ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ ከመቶ ሦስት እስከ አምስት ሊሰበሰብ ይችላል። ከዚያ ወዲህ መቀስ ከማንሣቴ በፊት ጨርቁን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ፣ ጨምቄ ሳልጠመዝዝ፣ አስጥቼ፣ ገና እርጥበት እያለው በካውያ እተኩሰዋለሁ። ደንበኛ ቢቸኩልም አልዘለውም። የምትገዙትም ይህን አስባችሁ ነው። የጨርቁ ወርድ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለአክስቴ ልክ 2 ሜትር ከ30 ለላይና ለዙሪያው፣ 2 ሜትር ከ10 ለታችኛው ይበቃል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው በሜትር የሚሸጥ ወፍራም ዚፕ 2 ሜትር ከ10 ከአንድ ራስ ጋር፣ የፖሊስተር ክር፣ ቁጥር 16 መርፌ፣ ስፒል፣ ጠመኔ ነው። ለጥቁር ጨርቅ ከጠመኔ ይልቅ የደረቀ የሳሙና ቁራጭ ይሻላል፤ መስመሩ ቀጭን ነው፣ ሲታጠብም ይጠፋል።

አቆራረጥ

ለስፌት በየጎኑ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ትርፍ እተዋለሁ። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ፊት እያንዳንዳቸው 188 በ76 ይቆረጣሉ። ከዚያ ዙሪያውን የሚሄደው አለ። እኔ መቀነት እለዋለሁ፣ ፍራሹን ስለሚታጠቀው። የመቀነቱ ጠቅላላ ርዝመት የሁለቱ ረጃጅምና የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ድምር ነው፤ 185፣ 185፣ 73 እና 73፣ በጠቅላላው 516 ሳንቲ ሜትር። ይህን ሁሉ በአንድ ቁራጭ ማውጣት ጨርቅ ማባከን ነው። አራት ቦታ ከፍዬ እቆርጠዋለሁ።

የፊት ለፊቱ ቁራጭ 188 በ15 ነው። ከፍታው 12 ሲሆን ትርፉ ሦስት ይጨምርበታል። ዚፑ የሚገባበት የግድግዳው በኩል ያለው ነው፤ እሱ ግን በጀርባው ርዝመት ብቻ መቆም የለበትም። በሁለቱም ማዕዘን ስምንት ስምንት ሳንቲ ሜትር ዞሮ ወደ አጫጭሮቹ ጎኖች መግባት አለበት። ስፖንጅ ለማስገባት የታገለ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ዚፑ ማዕዘኑ ላይ ካበቃ የስፖንጁ ማዕዘን ውስጥ አይገባም፣ በኃይል ስትገፉት ደግሞ የዚፑ ጫፍ ይተረተራል። ስለዚህ 185 ላይ 16 ሲጨመር 201፣ ከትርፉ ጋር 204 ይሆናል። ይህ ክፍል ዚፑ በመሀል ስለሚሄድ ሁለት ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ 204 በ9 ተኩል። ስድስቱ ሳንቲ ሜትር የከፍታው ግማሽ ነው፣ አንድ ተኩሉ የውጭው ስፌት፣ ሁለቱ ወደ ዚፑ የሚታጠፈው። የቀሩት ሁለት አጫጭር ጎኖች ከ73 ላይ በዚፑ የተያዘው ስምንት ስለተነሣ 65፣ ከትርፉ ጋር 68 በ15 ይሆናሉ።

ሁሉንም ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ቁረጡ። ክሩ የዘመመ ጨርቅ ከታጠበ በኋላ ልብሱን ያጣምመዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ጀርባው ላይ «ፊት»፣ «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ዚፕ» ብላችሁ ጻፉበት።

ዚፑ

የዚፑን ሁለት ቁራጮች ፊት ለፊት ገጥማችሁ ከአንዱ ዳር ሁለት ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በማሽኑ ረጅሙ ስፌት ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ። ይህ የሚፈታ ጊዜያዊ ስፌት ነው። ትርፉን ወደ ሁለት ከፍታችሁ በካውያ ተኩሱ። ራሱ የገባለትን ዚፕ ጥርሱ ልክ በስፌቱ መስመር ላይ እንዲተኛ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ በስፒል ያዙት። የዚፑን ሁለት ዳርና ዳር በአንድ አቅጣጫ ስፉ፤ አንዱን ከላይ ወደ ታች፣ ሌላውን ከታች ወደ ላይ ከሰፋችሁት ዚፑ ይጨማደዳል። ከዚያ ጊዜያዊውን ስፌት በምላጭ ሳይሆን በመቀስ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ፍቱት። የዚፑን ሁለት ጫፎች ሦስት አራት ጊዜ እየተመላለሳችሁ አጥብቁ፤ በሜትር የተገዛ ዚፕ ጫፉ ካልታሰረ ራሱ ያመልጣል። ሲያልቅ ወርዱ 15 ሆኖ ከሌላው መቀነት ጋር እኩል መሆን አለበት። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ዳሩን አስተካክሉት እንጂ «ይሁን» ብላችሁ አትለፉት።

ማዕዘኑ

የልብሱ መልክ ያለው እዚህ ነው። ከሩቅ ሆኖ ሥራውን የሚያይ ሰው የሚያየው ማዕዘኑን ነው፤ ጎኑን ማንም አያየውም።

መጀመሪያ አራቱን የመቀነት ክፍሎች አያይዙ፦ ፊት፣ ቀኝ፣ ዚፕ፣ ግራ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ፊት። ፊትን ከቀኝና ከግራ የሚያያይዙት ሁለት ስፌቶች ልክ ማዕዘኑ ላይ ያርፋሉ። እነዚህን ሁለቱን ከላይም ከታችም ዳር ድረስ አትስፏቸው፤ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተመላልሳችሁ አጥብቁ። ያልተሰፋው ያ ትንሽ ቦታ ማዕዘኑ ላይ እንደ በር ይከፈትና ጨርቁ ሳይሸበሸብ እንዲዞር ያደርገዋል። ከዚፑ ጋር የሚያያይዙት ሁለቱ ግን ከማዕዘኑ ስምንት ሳንቲ ሜትር ስለሚርቁ ዳር ድረስ ይሰፋሉ። ቀለበቱን ለኩት። 516 ካልሆነ ወደ ማሽኑ አትሂዱ።

ቀለበቱን በቅድሚያ ከታችኛው ፊት ጋር ግጠሙ። አራቱን ማዕዘን በስፒል ያዙ፣ ከዚያ የየጎኑን መሀል፣ ከዚያ በመካከሉ ያለውን። ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ እየጎተታችሁ ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይተርፋችኋል፣ እሱንም የት እንደምታስገቡት ታጣላችሁ። የዚፑ መሀል ከጀርባው ጎን መሀል ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። በጀርባ በኩል ያሉት ሁለት ማዕዘኖች ስፌት የላቸውም፤ ስለዚህ ማዕዘኑ በሚያርፍበት ነጥብ ላይ የመቀነቱን ትርፍ በመቀስ ጫፍ ሰንጠቅ አድርጉት። ስንጥቁ ከስፌቱ መስመር ሁለት ሚሊ ሜትር ይቅር። አንዲት ክር ካለፈች በኋላ መመለሻ የለውም።

ስትሰፉ መቀነቱ ወደ እናንተ፣ ሰፊው ፊት ወደ ማሽኑ ወለል ይሁን፤ ማዕዘኑን እያያችሁ ትሰፋላችሁ። ስፌቱን ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጉት። ማዕዘኑ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ፔዳሉን መርገጥ አቁሙ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ስፌቶች ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ ጨርሱ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ የማሽኑን እግር አንሡ። ጨርቁን በመርፌው ዙሪያ አዙሩት፤ ከእግሩ ኋላ የተሰበሰበውን በጣታችሁ ወደ ግራ ጥረጉት። ወፍራም ጨርቅ ከሆነ ወዲያው በቀጥታ አትታጠፉ፤ በማዕዘኑ ላይ አንዲት ስፌት አግድም ጣሉና ከዚያ ታጠፉ። ሹል ማዕዘን ሲገለበጥ ትርፉ ውስጥ ተጨናንቆ እብጠት ይሆናል፤ በአንዲት አግድም ስፌት የተቆረጠው ግን ሲገለበጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በእኔ እጅ ያረጋገጥኩት ነው።

ወፍራሙ ቦታ ላይ ማሽኑ እግሩ ቀና ብሎ አልሄድ ካለ ተመሳሳይ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ከእግሩ ኋላ አስገቡለት፤ እግሩ ሲስተካከል ይሄዳል። መግፋት መርፌ ይሰብራል።

የታችኛው ሲያልቅ፣ ወደ ላይኛው ከመሄዳችሁ በፊት ዚፑን ግማሽ መንገድ ክፈቱት። ይህን የረሳ ሰው ዙሪያው ተዘግቶ የጨረሰውን ልብስ ከውጭ ሆኖ የዚፑን ራስ በጨርቁ ላይ እየዳበሰ ይገፋል። ከዚያ የላይኛውን በዚያው መንገድ ስፉ። አራቱንም ማዕዘን ትርፋቸውን በሰያፍ ቁረጡ፣ ዳሩን ሁሉ በኦቨርሎክ ወይም በዚግዛግ ያዙት። ገልብጡት፣ ማዕዘኖቹን በድፍን የእንጨት ጫፍ ከውስጥ ግፏቸው። መቀስ አትጠቀሙ፤ ይወጋዋል።

ማልበሱ

ስፖንጅ ጠባብ ልብስ ውስጥ ሲገባ ጨርቁን ይይዛል እንጂ አይንሸራተትም። ስለዚህ ለስፖንጁ መጀመሪያ ከአቡጀዲ ቀለል ያለ የውስጥ ከረጢት እሰፋለታለሁ፤ ዚፕ አያስፈልገውም፣ አፉ በእጅ ይሰፋል። እናቴ ለዚህ ሥራ ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ አቡጀዲ ነበር የምትፈልገው። ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመው ፋብሪካ ነው፤ ሽመናው ጥብቅ ነው ትል ነበር። የውስጡ ከረጢት የስፖንጁን ብናኝ ይይዛል፣ የላዩን ልብስ አውልቆ ማጠብንም ያቀላል። አቡጀዲ ካላገኛችሁ ስፖንጁን በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ አስገቡና ከገባ በኋላ ፌስታሉን ስባችሁ አውጡት።

ስፖንጁን በርዝመቱ እንደ መጽሐፍ አጥፉት፣ ወደ ልብሱ አስገቡት፣ ውስጥ ልቀቁት። ከዚያ እጃችሁን አስገብታችሁ መጀመሪያ የፊቱን ሁለት ማዕዘኖች፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን አድርሱ። ዚፑ ሲዘጋ ትንሽ መታገል አለበት። ምንም ሳይታገል ከተዘጋ ልኩ ሰፍቷል።

አክስቴ ፍራሹ ከለበሰ በኋላ ተቀመጡበት፣ እጃቸውን ዳር ዳሩን አሳለፉ። «አይሸሽም?» አሉ። «አይሸሽም» አልኩ። ተነሥተው ደግመው ተቀመጡ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለመስከረምና ለፋሲካ፣ አውልቀው እንዲያጥቡት ነግሬያቸዋለሁ። ዚፑ ተዘግቶ፣ ልብሱ ተገልብጦ ይታጠባል፤ ከዚያ በጋለ ካውያ በስፌቱ ላይ ይሄዱበታል፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው፣ ሙቀት ደግሞ ይጨርሰዋል። ስፖንጁን ግን ፀሐይ ላይ አያውሉት፤ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆንና በጣት ይፈረፈራል። ጥላ ውስጥ ነፋስ ይበቃዋል።

በታችኛው ፊት ማዕዘን ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ትንሽ ጽሑፍ አለ። 185 በ73 በ12 ይላል። ሲያልቅና ሌላ ሲያስፈልግ ሮብ ገበያ ድረስ ለልክ መሄድ አይኖርብኝም።